ምንም አይሸትም

እህቴ የእንስሳት ሐኪም ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ክሊኒክ፣ በአንድ የብረት ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ውሻና ድመት ስታክም ኖራ፣ ባለፈው ዓመት ክሊኒኩ ቤቱን ለቅቆ ስልክ ውስጥ ገባ። ሲጻፍ ቀልድ ይመስላል፤ የሆነው ግን ይኸው ነው። ኮሪደሩ፣ ሰው እንስሳውን አቅፎ ወረፋ የሚጠብቅበት ረጅም አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ በጥፍር የተጫረው ቀለም፣ ሁሉም ቀረና ከከተማው ወዲያ ማዶ አንዲት የቀዶ ጥገና ክፍል ብቻ ተረፈች። ሌሎቹ ሐኪሞች በየቤታቸው ተቀምጠው በቪዲዮ እንዲያክሙ ተነገራቸው። እህቴም አረንጓዴ ጋዋኗን ይዛ መጥታ ከመኝታ ቤቷ በር ጀርባ ሰቀለችው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

እትዬ እላታለሁ፤ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ ቤቱን ይዘን የቀረነው ሁለታችን ነን። እኔ የማስተማሪያ መጻሕፍት አርማለሁ። የምሠራበት ጠረጴዛ ከእሷ ጠረጴዛ የሚለየው በአንድ ስስ መጋረጃ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን አብዛኛውን የሰማሁት ሳልፈልግ ነው።

ስለ እሷ ለመናገር ከአፍንጫዋ መጀመር ግድ ይላል። ልጆች ሳለን እናታችን እጇን ግንባሬ ላይ ከማሳረፏ በፊት እትዬ የሸሚዜን አንገት አሽትታ "ትኩሳት አለው" ትል ነበር፤ ተሳስታ አላውቅም። ሐኪም ከሆነች በኋላም ዋናው መሣሪያዋ ይኸው ሆነ። ውሻ ጠረጴዛው ላይ ሲወጣላት ማዳመጫውን ከማንሳቷ በፊት ጎንበስ ብላ አፉን፣ ጆሮውን፣ የመዳፉን ሥር፣ ከዚያ ጭራውን አንስታ ማሽተት ነው። ባልደረቦቿ "አፍንጫ" የሚል ስም አወጡላት። "አፍንጫ ገብታለች?" "አፍንጫ ሻይ ላይ ናት።" እሷም አልከፋትም።

"ውሻው አይናገርም፣ ባለቤቱ ይዋሻል፤ እኔ ታዲያ ምን ላድርግ?" ትል ነበር። "አሸታለሁ።"

ሥራው ወደ ቤት ሲመጣ የድርጅቱ አስተባባሪ፣ ፈጣንና ጨዋ ወጣት ሴት፣ ኮምፒውተሩንና የጆሮ ማዳመጫውን ተሸክማ መጥታ የምግብ ጠረጴዛችን ላይ ዘረጋችው።

"ዶክተር፣ ከእንግዲህ እንስሳው ወደ እርስዎ አይመጣም። እርስዎ ነዎት ወደ እንስሳው የሚሄዱት" አለቻት።

"በምን?"

"በስክሪኑ።"

እትዬ የተቀመጠችበትን ወንበር ዞር ብላ አየችው። "ተቀምጬ ነው የምሄደው?"

ልጅቷ ሳቀች። ለእትዬ ግን የምር ጥያቄ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሳስታውስ የሚመጡልኝ የሰው ቤት ጣሪያዎች ናቸው። ሰው ሁሉ ስልኩን ጣሪያ እያሳየ ስለ ውሻው ያወራል። ከዚያ አንድ ጭራ ያልፋል፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ የባለቤቱ አገጭ። አንዲት ድመት ድምፅ የሚመጣው ከየት እንደሆነ ለማየት ስልኩ ጀርባ ትዞርና ምርመራው ሁሉ ከስልኩ ጀርባ ይደረጋል። አንድ ቀን ደግሞ በመጋረጃው ቀዳዳ ያየሁትን ብናገር እንደ ሐሜት አይቆጠርብኝ፤ እትዬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየር ሳበች። ውሻ ነበር በስክሪኑ ላይ ያለው፤ ጆሮውን አዙረውላት። ከዚያ ተመልሳ ወንበሯን ተደገፈችና መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው።

"ምን ሸተተሽ?" አልኳት ምሳ ላይ።

"የጋለ ፕላስቲክ" አለችኝ፤ ስታፍርም ስትስቅም።

ድርጅቱ ለደንበኞቹ የአንገት ማሰሪያ ይልክላቸዋል። ውስጡ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ የልብ ምቱን፣ ትንፋሹን፣ እንቅልፉን፣ የተራመደውን እየቆጠረ ወደ እትዬ ኮምፒውተር ይልካል። ቁጥሩ ደኅና ከሆነ በአረንጓዴ፣ ካጠራጠረ በቢጫ፣ ካስፈራ በቀይ ነው። እትዬ ቁጥሮቹን እንደ ባዕድ ቋንቋ ነበር የምታያቸው። ማንበብ ትችላለች፤ ግን ውሻው የት እንዳለ አይነግሯትም።

ስለዚህ አንድ ዘዴ አመጣች፤ ባለቤቶቹ እንዲያሸቱላት ማድረግ። ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ሆነ። ሰው ለሽታ የሚሆን ቃል የለውም።

"መጥፎ ነው" ይሏታል።

"ምን ዓይነት መጥፎ?"

"መጥፎ ነዋ ዶክተር፤ መጥፎ ምን ዓይነት አለው?"

"እርጥብ ሱፍ ነው? የዛገ ብረት? የበሰበሰ ፖም?"

አንዲት ሴትዮ የውሻዋን ጆሮ አሽትታ ብዙ ካሰበች በኋላ "የባሌ ካልሲ" አለቻት። እትዬ አልሳቀችም። "ባለቤትዎ የሚያደርጉት የቆዳ ጫማ ነው ወይስ የሸራ?" ብላ ጠየቀች። የሸራ መሆኑን ስትሰማ መድኃኒት አዘዘች፤ ውሻውም ዳነ።

እንዲህ እንዲህ እያለች ሦስት ጥያቄ የያዘ ወረቀት አዘጋጀች፦ አፉ ምን ይሸታል፣ ጆሮው ምን ይሸታል፣ ከጭራው ሥር ምን ይሸታል። አስተባባሪዋ በጣም ወደደችው። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄዎቹ ድርጅቱ ለደንበኞቹ ስልክ ባዘጋጀው መተግበሪያ ውስጥ ገቡ። ሲገቡ ግን "ምን ይሸታል" የነበረው "ይሸታል" እና "አይሸትም" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ሆነ፤ "አይሸትም" ሲነካ ሳጥኑ አረንጓዴ ይሆናል። እትዬ ለውጡን አይታ ትንሽ ቅር አላት፤ ግን ሰው ሁሉ ምቹ ነው ሲል እሷም ምቹ ነው አለች።

ሰዓት ሠሪው የደወሉት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የሚሠሩትም እዚያው መስኮቱ ሥር ነው። እኚህ ሰው ስልካቸውን ጣሪያ አላሳዩም። ስልኩን በሁለት መጽሐፍ መሐል አቁመው፣ ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ውሻቸውን ጠረጴዛው ላይ አውጥተው ጠበቋት። ቡኒት ትባላለች፤ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ ስሟ እንደሚለው ቡናማ፣ አፏ ዙሪያውን የሸበተ።

"ትንፋሿ በደቂቃ ሠላሳ ሁለት" አሉ፤ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ። "ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። የልብ ምቷ መቶ ሃያ አራት፤ የኋላ እግሯ ብሽሽት ውስጥ ጣቴን አስገብቼ ነው። የእናንተ ማሰሪያ መቶ ሃያ ስምንት ይላል። ይቸኩላል።"

"ማሰሪያው?"

"ማሰሪያው። ለማስተካከል የሚዞር ነገር ፈልጌ አጣሁበት።"

እትዬ ስትስቅ ሰማኋት፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ። ሰውየው ቀጠሉ። የውኃ ሳህኗ ላይ መስመር አስምረዋል። ድሮ በቀን ከአንድ ሊትር በታች ነበር የምትጠጣው፤ አሁን ሁለት ሊትር ከመቶ ሚሊ ሊትር። ምግቧን ግማሹን ትተዋለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አንድ ጊዜ አስመለሳት።

"አባባ፣ ወንድ ፈልጋ የነበረው መቼ ነው?"

ሰውየው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ የሚመለከቱት ነገር ግን አልነበረም። "ያ... የሴት ጉዳይ እንኳ... ከሁለት ወር ወዲህ መሰለኝ።"

"መሰለኝ?"

"ሰባት ሳምንት ከሦስት ቀን" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እትዬ የጠረጠረችው የዚያኔውኑ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለች፣ በቀዶ ጥገና ያልመከነች ሴት ውሻ፣ ከዚያ ጊዜ በኋላ ውኃ ካበዛች ማህፀኗ መግል መያዙ የተለመደ ነው። ማህፀኑ ክፍት ከሆነ ደግሞ ከጭራው ሥር የሚወጣ ሽታ አለው፤ እትዬ ያንን ሽታ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆና ትለየው ነበር።

"አፏን ያሽቱልኝ።"

ሰውየው ጎንበስ አሉ። ሲያሸቱ እንደ ሥራቸው ተጠንቅቀው ነው። "ምንም አይሸትም።"

"ጆሮዋን።"

"ምንም።"

"ይቅርታ አባባ፣ ጭራዋን አንስተው..."

ጎንበስ ብለው ቀና አሉ። "ምንም አይሸትም። ንጹሕ ናት፤ ራሷን ስትልስ ነው የምትውለው።"

ሦስት ሳጥኖች አረንጓዴ ሆኑ። መተግበሪያው "አስቸኳይ አይደለም፤ ክትትል" ብሎ ጻፈ።

እትዬ ያን ቀን ምሳዋን ሳትጨርስ ማንኪያዋን ይዛ ቀረች። "ማህፀን አይደለም እንበል። ኩላሊት ቢሆን አፏ ይሸት ነበር። ስኳር ቢሆን እንደ በሰለ ፍሬ ጣፈጥ ያለ ሽታ ይኖራል። ይኸ ሰው ደግሞ ሰከንድ የማያልፈው ሰው ነው። እንደዚህ ዓይነት ባለቤት በሠላሳ ዓመት አላየሁም። እሱ የለም ካለ የለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለች። እህቴ ስለ ውሻ እንዲህ ስትል በሕይወቴ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

የቡኒትን ሽንት በጠርሙስ እንዲልኩ አዘዘች፤ ውጤቱ ግን እስከ ሐሙስ አይደርስም ተባለ። ማክሰኞ ጠዋት ማሰሪያው በትልቅ አረንጓዴ ጽሑፍ "ግሩም እንቅልፍ፤ ሃያ አንድ ሰዓት" ብሎ ላከ። ሰዓት ሠሪው ደግሞ ውኃው ሁለት ሊትር ከስድስት መቶ መድረሱን፣ ትንፋሿ ሠላሳ ስምንት መሆኑን ተናገሩ። እትዬ ከሁለቱ የትኛውን እንደምታምን ጨነቃት። ስክሪኑን ታየዋለች፣ ወረቀቷን ታየዋለች፣ ተነስታ መስኮት ትከፍታለች፣ ተመልሳ ትዘጋለች። እንደገና እንዲያሸቱላት ጠየቀቻቸው። እንደገና ምንም አይሸትም።

"እዚያ ብሆን ኖሮ" አለችኝ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አልጨረሰችውም።

"ለምን አትሄጂም?"

"መሄድ ክልክል ነው። ደግሞ ሦስት አረንጓዴ ይዤ ምን ብዬ ልሂድ? አላመንኳችሁም ብዬ?"

ረቡዕ ረፋዱ ላይ አንዲት ተማሪ ደወለች፤ ሦስት ወር ያልሞላው ቡችላ ይዛለች፤ ለክትባት ምክር ነው። እትዬ እንደ ልማዷ አፉ ምን እንደሚሸት ጠየቀቻት።

"ወተት" አለች ልጅቷ፤ "ትንሽ ደግሞ እንደ እርጥብ ካርቶን።"

የእትዬ እስክርቢቶ ሲጫጫር ሰማሁ፤ ከዚያ ቆመ። ልጅቷ "ሄሎ? ዶክተር፣ ኔትወርክ ነው?" ትላለች። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ሳይ እትዬ "ወተት" የሚለውን ቃል ጽፋ አፍጥጣበታለች።

ልጅቷን ይቅርታ ጠይቃ ዘጋችውና ወደ እኔ ዞረች። "ይኸ ቡችላ እንኳ ይሸታል" አለችኝ። "የአሥራ አንድ ዓመት ውሻ አፏ ምንም የማይሸት? ጆሮዋ ምንም? እንዲህ ያለ ውሻ የለም። ደኅናውም ውሻ ይሸታል። ሦስት ጊዜ ምንም ሲሉኝ ሦስት ጊዜ ጎሽ ብዬ ተቀመጥኩ። አፍንጫ ይሉኛል እኮ።"

ደወለች። ሰዓት ሠሪው ወዲያው አነሱ። ከጀርባቸው ብዙ ሰዓቶች ባልተስማማ ድምፅ ይቆጥራሉ።

"አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎ ማሽተት ይችላሉ?"

ስልኩን የጨበጡበት አውራ ጣት ካሜራውን ከልሎት ስክሪኑ ቀላ አለ።

"የፊታችን ወር በአሥራ ዘጠኝ ሁለት ዓመት ይሞላዋል" አሉ በመጨረሻ። "ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ጉንፋኑ ሄደ፤ እሱ አልተመለሰም።"

"ታዲያ ስጠይቅዎ ለምን አልነገሩኝም?"

"ይኸን መተግበሪያ ስልኬ ላይ የጫነው ልጄ ነው። የማወራው ሁሉ እሱ ጋ ይደርሳል መሰለኝ። አንድ ጊዜ ጋዝ ከፍቼ ረስቼ አግኝቶኛል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ እኔ ጋ ትገባለህ ብሎኛል። እሱ የሚኖርበት ሕንጻ ውሻ አያስገቡም።" ትንፋሽ ወሰዱ። "ደግሞ የማሸተው በእሷ ነው። ድስት ሲያርብኝ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታስነጥሳለች። አፍንጫዬ እንደማይሠራ ብናገር እሷን አጣለሁ፤ አልኩ።"

"አሁን እንዴት ናት?"

"ከጠረጴዛው ሥር አልወጣ አለች። ትንፋሿ አርባ ስድስት።"

እትዬ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ ስትነቅለው ገመዱ ኩባያውን ገለበጠው። ክልክል መሆኑንም፣ የፈሰሰውንም ትታ መኪናውን እንዳወጣ ነገረችኝ።

ደረጃውን ስንወጣ ከእኔ ቀድማ ነበር። ሰውየው በሩን ከፈቱ፤ በስክሪኑ ላይ ከሚታዩት ይልቅ አጭር ናቸው። እትዬ ሁለት እርምጃ ገብታ ቆመችና ዓይኗን ጨፈነች። እኔ እንኳ ሸተተኝ፤ ውኃው ለብዙ ቀን ያልተቀየረ የአበባ ማስቀመጫ ዓይነት፣ ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ያለው።

"መግል ነው" አለች። "ማህፀኗ ነው።"

ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ከጠረጴዛው ሥር ገብታ፣ ቡኒትን እንደ ድሮው ከአፏ ጀምራ አሸተተቻት። "ዛሬ ካልወጣላት ትሞታለች አባባ። ብርድ ልብስ አለዎት?"

ሰውየው ብርድ ልብሱን ሊያመጡ ሲገቡ ከፊት ለፊቱ በር አንዲት ጠና ያለች ሴት ብቅ አሉ፤ አንገታቸው ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል። የጎረቤት ልብስ ሰፊ ናቸው።

"ምነው፣ ጋሼ ደኅና አይደሉም?"

"ውሻዋ ናት የታመመችው።"

"አይ" አሉ ልብስ ሰፊዋ፤ አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አድርገው። "እኔ ከእሑድ ጀምሮ ይሸተኛል። ጋሼ የሚያበስሉት ነገር መስሎኝ ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?" አለች እትዬ።

"ኧረ ዶክተር። ሰው ቤትህ ይሸታል ይባላል እንዴ?"

በአንድ በኩል የሚሸተው አይናገርም፤ በሌላ በኩል የሚናገረው አይሸተውም፤ በመሐሉ እሷ አለች፣ አረንጓዴ ሳጥን ይዛ። ውሻዋን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ከሰውየው ጋር አወረድናት።

በመኪና ውስጥ እትዬ በስልኳ የቡኒትን መዝገብ ከፍታ "አስቸኳይ" የሚለውን ነካች። መተግበሪያው የሰውየው ልጅ ስልክ ላይም ወዲያው ደወል እንደሚያሰማ አላሰበችም። ቀዶ ጥገናው ክፍል ስንደርስ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የመሥሪያ ቤት መታወቂያው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ።

ውሻዋን ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ተቀብሎ አስገባት። እኛ አራታችን ውጭ ባለው ክፍል ቀረን። ወንበሮቹ ሦስት ነበሩ፤ ማንም አልተቀመጠም።

"ሰኞ ነው የደወሉት" አለ ልጁ ለእትዬ። ድምፁ ጨዋ ነው። "ዛሬ ረቡዕ ነው። ሦስት ቀን ምን ስትጠብቁ ነበር?"

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለች እትዬ። "አይሸትም የሚል ተጽፎ አገኘሁና አመንኩት። ማመን አልነበረብኝም።"

"አይሸትም ብሎ የጻፈው ማነው?"

እትዬ አባትየውን አላየችም። በኋላ ስጠይቃት፣ ልዋሽለት ነበር ወይስ ልናገርበት ነበር፣ እኔም አላውቅም ብላኛለች። እንደዚያ ቆማ ሳለች ሰውየው ቀደሟት።

"እኔ ነኝ" አሉ። "አፍንጫዬ አይሠራም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።"

ልጁ አባቱን አያቸው። ሊቆጣ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጣም። ከተቆጣ ሰው ይልቅ መንገድ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። "አባዬ፣ ሁለት ዓመት? ያበሰልኩልህ ሁሉ... ጣፍጧል ስትለኝ የነበረው..."

"ጨውና ስኳሩ ይታወቀኛል።"

"ጋዙስ?"

"ቡኒት ትነግረኛለች።"

"አሁን ማን ሊነግርህ ነው?"

ሰዓት ሠሪው ከኪሳቸው ሰዓት አውጥተው አዩ፤ ከዚያም ከሃምሳ አራት ደቂቃ በኋላ ሐኪሙ እስኪወጣ ድረስ ከእጃቸው አልለዩትም። የወጣው ማህፀን እንደ ክንድ አብጦ ነበር። "ሌላ አንድ ቀን ቢያድር ይፈነዳ ነበር" አለ ሐኪሙ። "ልቧ ግን ጠንካራ ነው፤ መቶ አሥር ላይ ነው።"

"መቶ አሥር" አሉ ሰውየው፤ ወንበር ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

አርብ ዕለት እትዬ አስተባባሪዋ ጋ ደውላ የሽታ ሳጥኖቹ እንዲነሱና ሰው የሸተተውን በራሱ ቃል የሚጽፍበት ባዶ ቦታ እንዲተካ ጠየቀች።

"ዶክተር፣ በጣም ገብቶኛል" አለች ልጅቷ። "ግን ሲስተሙ የሚያነበው ቀለም ነው። ባዶ ቦታ አረንጓዴ ሊሆን አይችልም።"

"አረንጓዴ እንዳይሆን ነው የፈለግሁት።"

"እሺ፣ እሱን ለቴክኒክ ክፍል አቀርበዋለሁ" አለች፤ ድምፅዋ ግን አቤቱታው ወዴት እንደሚቀርብ ያላወቀ ሰው ድምፅ ነበር። ከደንብ ውጭ ስለመሄዷም በደብዳቤ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ደብዳቤው ያመሰግናትና በዚያው መስመር ይወቅሳታል፤ ሁለት ጊዜ አንብባ የትኛው እንደሚበልጥ እንድለይላት ሰጠችኝ። እኔም አልለየሁትም።

ልጁ አባቱን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሊወስዳቸው ነበር ሐሳቡ። ቅዳሜ መጣ፤ ዕቃ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ ነው የመጣው፤ የጋዙን ሲሊንደር አውርዶ ሄደ። ለልብስ ሰፊዋ የበሩን መለዋወጫ ቁልፍ ሰጣቸው። "ለጊዜው" ብሏል። ሰዓት ሠሪው ለእትዬ ይህን ሲነግሯት "ለጊዜው" ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቀውት እንዳልመለሰላቸው ጨምረው ነገሯት።

ስፌቷ የሚታይበት ቀን ደረሰና ማክሰኞ ጠዋት ስክሪኑ ተከፈተ። ቡኒት መስኮቱ ሥር ተኝታለች፤ አንገቷ ላይ የፕላስቲክ መከላከያ አለ። ልብስ ሰፊዋ አጠገቧ ተንበርክከዋል፤ መርፌ ደረታቸው ላይ እንደተሰካ።

"ዶክተር፣ ጋሼ በጠዋት ሥራ አስፈትተውኝ ውሻ ያሽቱ ይሉኛል" አሉ። "የሰው ሙሽራ ልብስ ትቼ።"

"ትንሽ ነው እሜቴ፤ ቁስሉን።"

ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ። "መድኃኒት መድኃኒት ይላል።"

"ሌላስ? ጣፈጥ ያለ፣ የቆየ ነገር የሚመስል?"

"የለም። መድኃኒትና ውሻ።"

"ምን ዓይነት ውሻ?"

"ምን ዓይነት ልበልዎ? ገላዋን መታጠብ ያለባት ውሻ።"

እትዬ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው። ሰዓት ሠሪው በስክሪኑ ጠርዝ በኩል ጠጋ ብለው፣ ትንፋሿ ሃያ ሁለት መሆኑን፣ ማሰሪያውም ዛሬ ሃያ ሁለት ማለቱን፣ ይህ ግን በአጋጣሚ መሆኑን አስረዱ። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ።

"እሜቴ፣ እግረ መንገድዎን" አሉ ልብስ ሰፊዋን፤ "ቤቱስ?"

"ቤቱ ምን?"

"ቤቱ ምን ይሸታል?"

ሴትዮዋ እትዬን አዩ፣ ከዚያ ሰውየውን። ለመናገር እንደከበዳቸው ከፊታቸው ይታይ ነበር። "እንግዲህ ጠየቁኝ ጋሼ" አሉ። "የማሽን ዘይት፣ ቤንዚን፣ የታጠበና ሳይደርቅ የታጠፈ ጨርቅ። ቆይቷል። አንድ ዓመት ይሆነዋል።"

ሰዓት ሠሪው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ ቁጥር ነው የተቀበሉት። ተነሱና ከካሜራው ወጡ፤ ወንበር ሲገፋ፣ የመስኮት መቀርቀሪያ ሲታገል፣ ከዚያም የመንገዱ ድምፅ ሲገባ ሰማን። ቡኒት አንገቷን አቀና አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"እሱን ብቻ አይደለም፤ ያኛውንም መስኮት ይክፈቱት" አሉ ልብስ ሰፊዋ።